በሻሿ ጭስ ሊፈውሱ የተነሱ ዕለት

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በመቐለ ዳርቻ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ፣ ስሙን እዚህ አልጠራውም፣ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ማስታወቂያው፣ ማስጠንቀቂያው፣ የዕድገትና የስንብት ደብዳቤው ሁሉ የሚወጣው ከእኔ ኮምፒውተር ነው። አባቴ የደሴ ሰው ነው፤ እዚሁ መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ የዚሁ የመቐለ ልጅ ናት። ስለዚህ ፋብሪካው ውስጥ ደህና ተደርጎ መጻፍ ያለበት ነገር ሲመጣ "ለሰናይት ስጧት" ይባላል። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ማዕረግ ቆጥሬ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ዲግሪ አለኝ፣ ሦስት ቋንቋ እናገራለሁ፣ በቡዳ አላምንም፣ ማንንም አልንቅም። ስለ ራሴ የማውቀው ይህን ነበር። አሁን ሳስበው ከአራቱ እውነት የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የሆነ። ንግግሩ ሁሉ በትግርኛ ነበር፣ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ምሕረት የስፌት ማሽን መካኒክ ነበረች። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል። ቀጭን ናት፣ ንግግር አታበዛም፣ ሰማያዊ ሻሽ ታስራለች። ከመካኒኮቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ማሽን ሲበላሽ ሌሎቹ መጀመሪያ ይፈቱታል፤ እሷ ግን አስነስታ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፣ ከዚያ አንድ ብሎን ብቻ አጥብቃ ትሄዳለች። ወንዶቹ ይህን አይወዱላትም ነበር።

የፋብሪካው ሥራ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። ምሕረት ቅዳሜ አትገባም፤ በምትኩ እሑድ፣ ሼዱ ባዶ ሲሆን፣ ማሽኖቹን ስትፈትሽ ትውላለች። ይህን ያጸደቅኩላት እኔ ነኝ። ማመልከቻዋን ይዛ ስትመጣ "ምክንያት" የሚለው መስመር ባዶ ነበር።

"እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?" አልኳት።

ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ቀነስ አድርጋ ነገረችኝ። ቤተ እስራኤል ናት። አያቷ ሽረ አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ዘመዶቻቸው በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ እናቷ እሷን አርግዛ ስለነበር መንገዱን አልቻለችውም፤ ቀረች። ከአክስቶቿ አንዷ መንገድ ላይ ሞታለች፣ የተረፉት አሁን እስራኤል ናቸው። እናቷ እስክትሞት ድረስ ቅዳሜን ሰንበት አድርጋ ጠብቃለች፣ ምሕረትም ትጠብቃለች።

"ግላዊ ምክንያት ብለሽ ጻፊው" አለችኝ። እንዳለችኝ ጻፍኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል አፌን ያዝኩ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ አንዷ የሒሳብ ክፍል ልጅ "ይቺ መካኒክ ማን ስለሆነች ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የምታርፈው?" ስትል፣ እኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ "አይሁድ እኮ ናት፣ ቅዳሜ ክብሪት እንኳ አትጭርም" አልኩ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ጨዋታ አዋቂ በመሆኔ ደስ አለኝ። ሰው ሚስጥር የሚያወጣው ተገድዶ ወይም ጥቅም ፈልጎ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያወጣሁት ለአንድ የምሳ ሳቅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ፍስሃ ነበረ። ፍስሃ የጨርቅ መቁረጫ ክፍል ሱፐርቫይዘር ነው፤ ለሠራተኛ ኮሚቴው ሊቀመንበርነት ሊወዳደር ተነስቷል። ዋናው ሥራው ግን የቴሌግራም ቻናሉ ነው። እዚያ ላይ ዓለምን ይተነትናል። ባንክ የተዘጋብን፣ ስልክ የተቋረጠብን፣ መድኃኒት የጠፋብን፣ ጤፍ የተወደደብን፣ ባለፈው ክረምት ዝናብ የዘገየብን፣ ሁሉም በአይሁድ ነው። እኛ ጦርነት ውስጥ ያለፍን ሰዎች ነን፤ ማን ምን እንዳደረገብን በዓይናችን አይተናል። ፍስሃ ግን በዓይን የታየው አይበቃውም፣ ያልታየው ይበልጥበታል። ውጭ አገር አንድ ምኵራብ ውስጥ የሚጸልዩ ሰዎች በጥይት ሲገደሉ "ዛሬ ጥሩ ዜና አለ" ብሎ ጽፎ ነበር። ከሥሩ የሳቅና የጭብጨባ ምልክት ያስቀመጡትን ሳይ ግማሾቹ በየቀኑ ሰላም የምላቸው ናቸው። እኔ ምልክት አላስቀመጥኩም። አንብቤ ዘጋሁት፤ ያኔ ይህ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መስመር ሦስት ላይ ትርሓስ የምትባል ሸሚዝ ሰፊ ከወንበሯ ወደቀች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤቷ ወደቀች። ከዚያ ሌላዋ። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከቢሮ ስወርድ ስድስት ልጆች መሬት ላይ ነበሩ።

አየሩ ይከብድ ነበር። በዋዜማው ከጨርቅ ላይ ቅባት ማስለቀቂያ ተብሎ አንድ ፈሳሽ በጀሪካን መጥቶ ነበር፣ ርካሽ፣ ምልክት የሌለው። የመስመር ሦስት ልጆች ኮሌታ ላይ ያለውን እድፍ ሲያስለቅቁበት ሽርጣቸው ሁሉ በሱ ርሷል። ሸሚዙ ነጭ ስለሆነ አቧራ እንዳይነካው መስኮቱ እንዲዘጋ ታዟል። የአየር ማስወጫው ቬንትሌተር ደግሞ ከቆመ ወራት አልፎታል። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ አፍንጫ ይበቃል።

ምሕረት አንድ ወንበር ላይ ወጥታ በመፍቻ መስኮት ለመፈልቀቅ ትታገል ነበር። ሌላ ማንም ሰው መስኮት አልነካም። ቆሞ ያያል፣ ይቀርጻል።

"ዛሬ ጠዋት መስመር ሦስት ላይ ማን ነበር የዋለው?" አለ ፍስሃ። ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው ያለው።

"ምሕረት ናት። ሁለት ማሽን ስትሠራ ነበር" አለች አንዲት ልጅ። የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው፣ ምስኪን።

"እና ማንን አየች? የወደቁትን ወይስ ያልወደቁትን?"

በዚህች ጥያቄ ነገሩ አለቀ። ከኋላ አንዱ "ቡዳ" አለ። ሌላው "አይሁድ አይደለች? የቀጥቃጭ ዘር" አለ። ቻናሉ ላይ ዓለምን በድብቅ የሚገዙት፣ እዚህ ደግሞ በዓይናቸው ሰው የሚበሉት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ምሕረት ላይ አረፉ። እርስ በርስ ይጋጫሉ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁለት መቶ ሰው ነበር፣ አብዛኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።

ስለ ራሴም ልናገር። በዚያች ደቂቃ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ከወር በፊት ምሕረት "ሹራብሽ ያምርብሻል" ብላኝ ማታ ራሴን አሞኝ ነበር። በቡዳ የማላምነው ሴትዮ ቆሜ ይህን አስላሁ። ሒሳቡ ለአፍታ ትክክል መሰለኝ።

ከወንበሩ ጎትተው አወረዷት። አንዱ ሻሿን ከራሷ ላይ ነጠቃት። ከሰው መሐል የተወረወረ የጨርቅ መቀስ ቅንድቧ ላይ አረፈ፤ ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አላውቅም። አያ ሓድሽ የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ በደረታቸው እየገፉ ወደ መለዋወጫ መጋዘኑ አስገቧትና በሩን ከውጭ ቆለፉት። ቁልፉን ጫማቸው ውስጥ ከተቱት።

እኔ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ። ቢሯቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ሼዱን ከላይ ያሳያል። መጋረጃውን ዘግተውት ነበር።

"ፖሊስ ተጠርቷል?" አልኳቸው።

"ፖሊስ ሲመጣ ወሬ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ከውጭ ደንበኞች ይመጣሉ፤ ታውቂያለሽ።"

"ምሕረት እየደማች ነው።"

"ለዚህ እኮ ነው። ለራሷ ደህንነት ሲባል በጓሮ በር እንሸኛታለን። በገዛ ፈቃዷ እንደለቀቀች አድርገሽ ደብዳቤ አዘጋጂና ትፈርም። ጠንካራ ቃል አታስገቢበት።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ታውቂበታለሽ መባሌ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። "በግል ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን እየገለጽኩ፣ ድርጅቱ ላደረገልኝ መልካም አያያዝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።" ከታች ሰዎች ሲጮኹ ይሰማኛል፤ እኔ "መልካም አያያዝ" ይሻላል ወይስ "ቅን አያያዝ" እያልኩ አመዛዝናለሁ። አትሜ ማኅተም አድርጌ ወረድኩ።

አያ ሓድሽ ሲያዩኝ ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቁልፉን ከጫማቸው አውጥተው ከፈቱልኝ። ምሕረት የክር ካርቶን ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅንድቧ ላይ የማሽን መጥረጊያ ጨርቅ ይዛለች። ራሷን ያለ ሻሽ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጸጉሯ ከፊት ለፊት ሸብቷል።

"ልጆቹ ነቁ?" አለችኝ መጀመሪያ።

"ክሊኒክ ክፍል አስገብተዋቸዋል።"

"መስኮት አለው?"

"ትንሽዬ። የተዘጋ ነው።"

ወረቀቱን ሰጠኋት። ቀስ ብላ እስከ ታች አነበበችው። እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። "ብዕር ይዘሻል?" ብቻ አለች። ልትፈርም ጉልበቷ ላይ ስታስተካክለው ከውጭ አንድ ሰው "ላይተር ያለው" ብሎ ሲጮህ ተሰማ።

"ላይተር ለምን ፈለጉ?"

"ሻሽሽን" አልኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ፤ ስወርድ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። "ሻሽሽን አቃጥለው ልጆቹን ሊያጥኗቸው ነው። ጭሱ ሲሸታቸው ይለቃቸዋል ብለው።"

ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደነግጥ ያየኋት።

"ሰናይት፣ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስሚኝ። ያ ፈሳሽ እንደ ቤንዚን ነው። ሽርጣቸው ላይ አለ፣ እጃቸው ላይ አለ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። እዚያ ውስጥ ክብሪት ከተጫረ ልጆቹ ይነዳሉ። ወረቀቱን በኋላ እፈርመዋለሁ፣ የትም አልሄድም። ሩጪ።"

ሮጥኩ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሃያ ሠላሳ ሰው ታጭቋል። ሲስተሯን ገፍተው አስወጥተዋታል፤ "አየር ነው የሚያስፈልጋቸው፣ አየር" እያለች ታለቅሳለች፣ ጆሮ የሰጣት የለም። ፍስሃ በአንድ እጁ ሰማያዊውን ሻሽ፣ በአንድ እጁ ላይተር ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል። አንድ ጓደኛው ለቻናሉ ይቀርጸዋል። ዓለምን የሚተነትነው ሰውዬ፣ የመንግሥታትን ስውር ዕቅድ የሚያጋልጠው ሰውዬ፣ ምርምሩ ሁሉ መጨረሻው የሴት ሻሽ ማጨስ ሆነ።

"እሳት እንዳትለኩስ። ፈሳሹ ይነዳል፣ ክፍሉ በሙሉ ይነዳል" አልኩት።

"ማን አለሽ?"

"ምሕረት።"

ስሟን መጥራት አልነበረብኝም። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። "አያችሁ፣ ጭሱን ፈራች" አለ ፍስሃ ወደ ካሜራው ዞሮ። "ልክ ቦታው ላይ ነን ማለት ነው። አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ እንዴ ሰናይት?"

ከእግሬ ሥር ሲስተሯ ከትርሓስ ላይ ያወለቀችው ሽርጥ ተጥሎ አየሁ፤ እርጥብ ነው፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አነሳሁትና ከበሩ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት።

"እሺ" አልኩት። "ድግምቱ እዚህም ላይ አለ አይደል? መጀመሪያ ይሄን አቃጥለው። ካልፈራህ።"

እየተቀረጸ ነው፤ እምቢ ማለት አልቻለም። ከደፉ ወርዶ መጣ፣ ለካሜራው እንዲመች ጎንበስ አለ፣ ላይተሩን ጫረ።

እሳቱ ሽርጡ ላይ አልተቀጣጠለም፣ ከሽርጡ ላይ ተነሳ ማለት ይሻላል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ደረሰ። ፍስሃ ወደ ኋላ ወድቆ ተነሳ፤ ሁለቱም ቅንድቡና የፊት ጸጉሩ ሄዷል፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም። ሰዉ ከበሩ ሸሸ። በዚያ ክፍተት ሲስተሯ ገብታ መስኮቱን በወንበር እግር ሰበረችው። ልጆቹን አንድ በአንድ አውጥተን ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አስተኛናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። እውነት ታየ፣ ሕዝቡ አፈረ፣ ይቅርታ ጠየቀ ብዬ ብጽፍላችሁ እናንተም ደስ ባላችሁ ነበር። አልሆነም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ ዲግሪውን አይቼ የቀጠርኩት እኔው ነኝ፣ እንዲህ አለ፦ "ታዲያ ፈሳሹ ውስጥ ነገር የጨመረው ማን ይመስላችኋል?"

ሰዉ ይህን ተቀበለው። ፍስሃም ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ጨመረበት። "እነሱ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። እሳቱን ራሳቸው ለኩሰው በእኛ እጅ ያስይዙናል" አለ። ላይተሩ ገና እጁ ውስጥ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ወደ መጋዘኑ መሄድ ጀመሩ፤ አሁን የሚፈልጉት ሻሿን አልነበረም።

በማሽኖቹ መሐል አቋርጬ ቀደምኳቸው። አያ ሓድሽ በሩ ላይ ብቻቸውን ቆመው ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ የሄድኩት ሌላ የምሸሽበት ቦታ ስላልነበረኝ ይመስለኛል። ወደ ላይ ብሸሽ እዚያ ያለው ሥራ አስኪያጁ ነው።

"ስሙኝ" አልኩ። "ምሕረት ቅዳሜ ለምን እንደማትሠራ ያወራሁት እኔ ነኝ። እሷ ማንንም አልነካችም። ልጆቹን የጣላቸው ትናንት የመጣው ፈሳሽ ነው። መስኮቱን የዘጋነው እኛ ነን። ቬንትሌተሩ ይሠራ ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋለች፤ ማመልከቻዎቹ እኔ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ኑና ልስጣችሁ።"

"ዞር በይ" አለኝ አንዱ። ዞር አላልኩም። ትከሻዬን ሲገፋኝ ራሴ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ጆሮዬ ጮኸ። ሁለተኛው ሲጠጋ አያ ሓድሽ ዱላቸውን አነሱ፤ ሰውዬው ዱላውን ያዘባቸው።

ያኔ ነው ትርሓስ የመጣችው። ያቺ መጀመሪያ የወደቀችው ልጅ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። መንገድ ለቀቁላት፣ የእሷን ደም ሊመልሱ አይደል የመጡት። በሰዉ መሐል አልፋ መጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ መቆም ስላቃታት ደፉ ላይ ተቀመጠች።

"ከመውደቄ በፊት መጨረሻ ያየሁት ምሕረትን ነው" አለች። ድምጿ አይሰማም ነበር፤ ለመስማት ሲሉ ነው ሁሉም ዝም ያሉት። "ወንበር ላይ ወጥታ መስኮት ስትታገል። እናንተን አላየኋችሁም። የት ነበራችሁ?"

አንድ ሰው "አሁንም አልለቀቃትም ማለት ነው" ብሎ ሞከረ። ትርሓስ ቀና ብላ አየችው።

"ስለ እኔ ብለህ ነው የምትመታት? እኔ አልላክሁህም።"

ከወደቁት ሌላዋ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ስድስቱም መጡ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አራቱ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ አንዷም ኋላ "ምንም አላየሁም" ብላ ፈርማለች። የመጡት ሁለት ናቸው። ሁለት የደከሙ ልጆች ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት መቶው ሰው ሊረግጣቸው አልቻለም። ወደ ኋላ ያሉት መበታተን ጀመሩ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ፊት ያሉት ዞር ሲሉ ከኋላቸው ሰው አጡ። ፖሊስ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ የጠሩት አያ ሓድሽ ናቸው፣ ከማንም ሳያስፈቅዱ፣ በራሳቸው ስልክ።

ጣቢያ ስንሄድ ሥራ አስኪያጁ ተከትለውን መጡ። መርማሪው ቃሌን ሲቀበል ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "ግርግር ነበር በይ፣ ይበቃል" አሉኝ። ግርግር። ጥሩ ቃል ነው። ማንም አልጀመረውም፣ ማንም አልተመታበትም፣ ስም የለውም። ከእኔ አፍ የሚወጣ ዓይነት ቃል ነበር። "ግርግር አልነበረም። አንዲት ሴት አይሁዳዊት በመሆኗ ሊገድሏት ነበር" አልኩና የማውቃቸውን ስሞች ተናገርኩ።

በሳምንቱ ተሰናበትኩ። የስንብት ደብዳቤዬ ላይ ከእኔ የድሮ ደብዳቤዎች የተገለበጡ ሁለት አረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ሰረዙ እንኳ እኔ የማደርገው ቦታ ላይ ነው። ፍስሃ ሁከት በማነሳሳት ተከስሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ ጥቂት ጊዜ ታስሮ ወጣ። ቻናሉ ላይ "የአይሁድ ሰላዮች በኬሚካል አጠቁኝ" ብሎ የተቃጠለ ቅንድቡን ፎቶ ለጠፈ። ተከታዩ ጨመረለት።

ምሕረት ጋ የሄድኩት ከዚያ ረቡዕ ቀጥሎ በመጣው እሑድ ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ቅንድቧ አራት ቦታ ተሰፍቷል። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፤ ተቀበለችኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፣ ደህና ተደርጎ የተጻፈ። ስቀመጥ ጠፋብኝ።

"ምሕረት፣ ነገርሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"በሩ ላይ ስናገር ሰማሽኝ?"

"ከዚያ በፊት ነው። 'አይሁድ' ብለው ገና ሲጀምሩ አውቄያለሁ። በዚህ ከተማ ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት።"

ደብዳቤ ይዤ መጋዘን ስገባ ታውቅ ነበር ማለት ነው። "ሓፍተይ" ብላ ስትጠራኝ ታውቅ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም የምገባበት አጣለሁ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

ብርቱካኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። "አሁን ይቅር ብያለሁ ብልሽ እንዲያው ለጨዋነት ነው የሚሆነው" አለች። "ይቆይ። ግን ፍርድ ቤት የምሰጠው ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ጽሑፍ ትችያለሽ። ያየሽውን ጻፊልኝ፣ ሳታሳምሪ።"

እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጻፍኩላት። "ጉዳት ደረሰባት" ብዬ ስጽፍ ሰርዛ "መቀስ ወረወሩባት" አስባለችኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት ጥሩ ጽሑፍ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

"ዘመዶችሽ ጋ አትሄጂም?" ብዬ ጠየቅኋት ስወጣ።

"እናቴ እዚህ ተቀብራለች" አለች። "ደግሞ የዚህን ከተማ ማሽን ማን ይሠራዋል? እናንተ?"

አሁን የራሷ መጠገኛ ሱቅ አላት፤ ቅዳሜ ዝግ ነው። ከፋብሪካው ሰዎች ማሽን ይዘው ይመጡባታል፣ እነዚያው ሰዎች። ትሠራላቸዋለች። ስለዚያ ቀን አንዳቸውም ነገር አንስተው አያውቁም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል "እኔ እዚያ ብኖር" የሚል ካለ እባካችሁ ይተወው። እኔም ስለ ራሴ እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ኖሬም አየሁት። መንግሥትን መውቀስ ሌላ ነገር ነው፤ የየትኛውም አገር መንግሥት ይወቀስ፣ ለዚያ ምክንያት አይጠፋም። ፍስሃ የሚያወራው ስለ መንግሥት አልነበረም። ዓለምን በድብቅ ይገዛሉ ሲል ምሕረትን ጨምሮ ነው። ዓለምን ትገዛለች የተባለችው ሴት በሦስት ማመልከቻ አንድ የቬንትሌተር ሞተር ማስገዛት አልቻለችም። ይህን የመሰለ ቂልነት ሰው ባይገድል ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር። ግን ይገድላል፤ የሚገድለውም ቂሎቹ ስለበዙ ብቻ አይመስለኝም። አንብበው የሚዘጉት፣ "ግላዊ ምክንያት" ብለው የሚጽፉት፣ ለምሳ ሳቅ የሚቀልዱት፣ እንደ እኔ ያሉት ብዙ ስለሆንን ነው።

በቅርቡ ሓወልቲ አካባቢ አንድ ካፌ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ አራት ነን። አንዷ ስልኳን አወጣችና ውጭ አገር በዓል የሚያከብሩ አይሁዶች ላይ አንድ ሰው መኪና ሲነዳባቸው የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየችን። ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረችበት። "የዘሩትን ነው የሚያጭዱት" አለች፣ ማኪያቶዋን እያማሰለች። ሁለቱ ፈገግ አሉ።

"ይቺ ሴትዮ ምን አደረገችሽ?" አልኳት።

"እንዴ፣ ጨዋታ ነው እኮ።"

"ጨዋታ ነው። የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው የጠየቅኩሽ።"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ መቀሱን፣ ላይተሩን፣ በምሳ ጠረጴዛ ላይ ያወራሁትን። ስጨርስ አንዷ ሰዓቷን አየች። ቪዲዮውን ያሳየችው "አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ" ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሦስቱም ቀጠሮ ነበራቸው።

ከሦስቱ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም። ሦስተኛዋ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ደወለች። ብዙ አላወራችም። አባቷ ምሽት ሲጫወቱ ስለ አይሁድ የሚሉት ነገር እንዳለና ልጆቿ አጠገባቸው ተቀምጠው እንደሚሰሙ ነገረችኝና፣ "ለአባቴ ምን ብዬ ልጀምርላቸው?" አለችኝ። "ልጆቹ ፊት ጀምሪው፣ እነሱም ይስሙ" አልኳት።